«ቀይ ናት ወይስ ጥቁር?»

በደባርቅም ሆነ በዳባት ለወንድ ልጃቸው ሚስት የሚፈልጉ ወላጆች ስለ ልጅቷ ዲንና አኽላቅ ጠይቀው ሳይጨርሱ «መልኳስ?» ይላሉ። «ቀይ ናት» ሲባሉ ፊታቸው ይፈካል፤ «ጠይም ናት» ቢባሉም አይከፋቸውም። «ጠቆር ትላለች» ከተባሉ ግን «መልካም ልጅ ነበረች፣ ግን...» ይመጣል። ይህችን «ግን» ሁላችንም እናውቃታለን። አራስ ልንጠይቅ ገብተን የሕፃኑን ጆሮ የምናገላብጠው «ሲያድግ ይጠቁር ይሆን?» ብለን አይደለምን?

ነገሩ የውበት ምርጫ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራና በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ምጽዋ በሚያደርሰው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶበታል። በዚያ ንግድ ሙስሊም ነጋዴዎችም እጃቸው ነበረበት፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ከተነዱት ብዙዎቹ ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ጠቆር ያሉ ሰዎች ስለነበሩ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ከጥቁር ፊት ጋር ተጣበቀ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ስድቡ ከልጆች አፍ እንኳ ገና አልጠፋም።

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለባቸው ነግረው ገሥጸዋቸዋል። የተሰደበው የእኛው የሐበሻው ልጅ ቢላል (ረ.ዐ.) እንደነበረ፣ የተነወረውም በእናቱ ጥቁረት እንደሆነ የሚገልጹ ዘገባዎች አሉ። አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር፤ ዐረቡም መልከ ፈካውን ሰው «አሕመር»፣ ማለትም ቀይ፣ ይለው ነበር። ነቢዩ በመሰናበቻው ሐጅ ቀይ በጥቁር ላይ፣ ጥቁርም በቀይ ላይ ከተቅዋ በቀር ብልጫ እንደሌለው ያወጁት እኛ ዛሬ ሙሽራ በምንመርጥበት በዚያው ቃል ነው።

ዛሬ ደግሞ ፊት የሚያቀላ ቅባት መጥቷል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ገብስ ስታጭድ የዋለች ልጅ ፊቷ የሚጠቁረው ቆዳዋ ራሱን ሲከላከል ነው። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ይህን መከላከያ ገፍፈው ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ይሁንና ልጅቷ ቅባቱን ልትገዛ ሱቅ ከመድረሷ አስቀድሞ «ምን ነካሽ፣ ጠቆርሽሳ!» የተባለችው በቤቷ ነው፤ አንዳንዴም በእኛው አፍ።