አምስት ምሳሌ ማስረጃ አለመሆኑ፤ ስለ 4,294,967,297 ቍጥር

ከ1 በላይ ካሉት ቍጥሮች ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቍጥር ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 12 ግን በ2፥ በ3፥ በ4ና በ6 ስለሚካፈል ብቸኛ አይደለም። ቍጥሩ ትንሽ ሲሆን ይህን መለየት አያስቸግርም። ሲተልቅ ግን ሊቃውንትን እንኳ ያሳስታል፤ ለዚህም 4,294,967,297 ምስክር ነው።

ይህ ቍጥር የሚገኝበት መንገድ ቀላል ነው። 2ን በራሱ ብናባዛ 4፥ 4ን በራሱ ብናባዛ 16፥ እንዲሁም እያልን ብንቀጥል 256፥ 65,536፥ ከዚያም 4,294,967,296 ይሆናል። በ2ና በነዚህ በያንዳንዳቸው ላይ 1 ብንጨምር 3፥ 5፥ 17፥ 257፥ 65,537ና 4,294,967,297 እናገኛለን።

በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ዳኛ የነበረው ፒየር ደ ፌርማ የፊተኞቹ አምስቱ ብቸኞች መሆናቸውን አየ። ስለዚህ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1640 ዓ.ም. በዚህ መንገድ የሚገኙት ሁሉ ብቸኞች ናቸው ብሎ እንደሚያምን በደብዳቤ ጻፈ፤ ሆኖም ፍጹም ማስረጃ እንዳላገኘለት አልሸሸገም።

ስድስተኛውን መመርመር ድካም ነበረው። አካፋይ ካለው አንዱ አካፋይ ከ65,536 አይበልጥም፤ ሁለቱም ቢበልጡ ብዜታቸው ከቍጥሩ ያልፋልና። ነገር ግን እስከዚያ ባሉት ብቸኛ ቍጥሮች ሁሉ እያካፈሉ መሞከር የብዙ ቀን ሥራ ነው።

በስዊስ አገር ተወልዶ በሩስያ በፔተርስቡርግ ይሠራ የነበረው ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1732 ዓ.ም. ቍጥሩ በ641 እንደሚካፈል ገለጸ። በኋላም፥ ይህን ቍጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቍጥር ሁሉ ራሱ በ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን እንዳለበት አስረዳ። እንዲህ ያሉት በተራ 193፥ 257፥ 449፥ 577ና 641 ናቸው። አራቱ አያካፍሉትም፤ አምስተኛው ያካፍለዋል። የብዙ ቀን ድካም የነበረው እንዲህ በአምስት ሙከራ ያልቃል።

ማባዛት የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ይህን በሰሌዳ ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል፤

6,700,417 × 600 = 4,020,250,200
6,700,417 × 40 = 268,016,680
6,700,417 × 1 = 6,700,417
ድምሩ 4,294,967,297

ከ65,537 በኋላ በዚህ መንገድ የተገኘ ሌላ ብቸኛ ቍጥር እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ፈጽሞ የለም ብሎም ያስረዳ የለም።

እንግዲህ «ሁሉ» ተብሎ የሚነገረውን ቃል ለማጽናት ብዙ ምሳሌ አይበቃም፥ ምክንያቱ መታወቅ አለበት፤ ለማፍረስ ግን አንድ ተቃራኒ ይበቃል። ስለዚህ መምህር ተማሪውን «ስንት ጊዜ አየኸው?» ብቻ ሳይሆን «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቀው። በትክክል አባዝቶ የታላቅን ሰው ቃል የሚቃወም ልጅ ቢገኝም፥ ሕፃን ነው ተብሎ አይናቅ፤ ሥራው ይመርመርለት። በሒሳብ ዘንድ የሚከበረው ማስረጃ ነውና።