መንግሥት ሲከሰስ ምክር ቤት ምን ይሠራል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። የጥንቱ የእንግሊዝ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ንጉሡ ካልፈቀደ በቀር በገዛ ፍርድ ቤቱ አይከሰስም ነበር። የአሜሪካ ግዛቶችም ይህንኑ ደንብ ወርሰዋል። ታዲያ መንግሥት የበደለው ሰው ወዴት አቤት ይበል? አንደኛው በር ሕግ አውጪው ምክር ቤት ነው። አሠራሩን የፍሎሪዳን ግዛት ምሳሌ አድርገን እናስረዳለን።

በፍሎሪዳ በመንግሥት ሠራተኛ ጥፋት የተጎዳ ሰው ከስሶ ካሳ ማግኘት ይችላል። ነገር ግን ሕጉ ለገንዘቡ ልክ አበጅቶለታል። ከልኩ በላይ ያለውን፣ ፍርድ ቤት ቢፈርድለት እንኳ፣ በአብዛኛው ምክር ቤቱ ካልፈቀደ አያገኘውም። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል ለዚያ ተበዳይ ብቻ የሚሆን የካሳ ረቂቅ ሕግ ያቀርባል። ከዚያም የተሰየመው መርማሪ ግራ ቀኙን ይሰማል፤ ምስክርና ሰነድ ይመረምራል፤ ካሳ ይገባል ወይስ አይገባም፣ ስንትስ ይሁን የሚለውን ጽፎ ያቀርባል። ረቂቁ በኮሚቴ ታይቶ ሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ከሰጡበት በኋላ ለአገረ ገዢው ይቀርባል።

ከነዚህ ጉዳዮች ሁሉ የታወቀው የሮዝውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 መጀመሪያ ላይ የነጮች ጭፍራ በዚች የጥቁሮች መንደር ላይ ዘምቶ ቢያንስ ስድስት ጥቁሮችን ገደለ፤ ቤታቸውንም አቃጠለ። ሁለት ነጮችም ሞቱ። ነዋሪው ሸሽቶ በዚያው ቀረ። በዚህ ግድያ የተቀጣ አንድም ሰው የለም።

ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ክስ ቢመሠረት የይርጋ ዘመኑ አልፏል። በምክር ቤት በኩል ግን በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። ምክር ቤቱ በ1993 የዩኒቨርሲቲ ታሪክ አዋቂዎችን አስጠና። በ1994 ደግሞ ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩ አዛውንቶች ቀርበው ያዩትን መሰከሩ። መርማሪውም ባለሥልጣኖቹ እያወቁ ሕዝቡን ስላልጠበቁ ግዛቱ የሞራል ዕዳ አለበት አለ። አገረ ገዢው ሎውተን ቻይልስ በግንቦት ወር 1994 ሕጉን ፈረሙ። የተመደበው 2.1 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በሕይወት ለተረፉት ለያንዳንዳቸው 150,000 ዶላር፣ ለጠፋው ንብረት 500,000 ዶላር፣ የቀረውም ለልጅ ልጆች መማሪያ።

አሠራሩ ጉድለት የለውም አንልም። መንግሥት በራሱ ጉዳይ ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት አይደለም እንዴ? ረቂቁን የሚያቀርብለት እንደራሴ ያጣ ተበዳይ ሜዳ ላይ ይቀራል። መርማሪው «ይገባዋል» ቢልም ምክር ቤቱ እንቢ ማለት ይችላል።

ሆኖም ከሮዝውድ አንድ ነገር እንማራለን። አዛውንቶቹን ለካሳ ያበቃቸው ያዩትን አለመርሳታቸውና የታሪክ አዋቂዎች መዝገብ ማገላበጣቸው ነው። ነገ ክፍል ውስጥ ገብተን ታሪክና የዜግነት ትምህርት የምናስተምር እኛ ይህን ልብ እንበል፤ ያልተመዘገበ በደል አቤት የሚባልበት ቀን ቢመጣ እንኳ ማስረጃ አይኖረውም።