የጉግል «አንደኛ ቦታ» በውል የሚገዛ ዕቃ አይደለም

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት የብረታ ብረት መጋዘኖችና የግንባታ ዕቃ መደብሮች ለረጅም ጊዜ ገዢ ያገኙ የነበረው በታፔላ፣ በደላላና በደንበኛ ወሬ ነው። አሁን በስልክ የሚደረገው ፍለጋ አራተኛ መንገድ ሆኖ ተጨምሯል። ገዢው ከቤቱ ሳይወጣ ዋጋ ያነጻጽራል፣ መጋዘኑ የት እንደሆነ በካርታ ያያል፣ መኪና የሚከራየው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚሁ ጋር «ድርጅትዎን በጉግል አንደኛ እናወጣለን» እያለ የወር ክፍያ ውል የሚያቀርብ አዲስ ዓይነት አገናኝ ወደ ገበያው ገብቷል። ሆኖም የውሉ ቋንቋ ለነጋዴው እንግዳ ነው። ኤስ.ኢ.ኦ.፣ ኪወርድ፣ ኢምፕሬሽን፣ ክሊክና ኮንቨርዥን ምን እንደሆኑ ሳይለይ የሚፈርም ነጋዴ፣ ሚዛኑን ሳያይ ብረት እንደሚረከብ ይቆጠራል።

ሁለቱ ዝርዝሮች

ጉግል ለአንድ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያው «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ያለበት፣ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። ድርጅቱ ይህን አገልግሎት የጀመረው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ሲሆን አሠራሩ የጨረታ ነው። አስተዋዋቂው ለሚፈልገው ቃል ዋጋ ያቀርባል፤ በአብዛኛውም የሚከፍለው ፈላጊው ማስታወቂያውን ሲጫን ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ማስታወቂያውም ይወርዳል።

ሁለተኛው ያልተከፈለበት ዝርዝር ነው። ኤስ.ኢ.ኦ. የሚባለው ሥራ ድረ ገጹ በዚህ ዝርዝር ወደ ላይ ከፍ እንዲል ማዘጋጀት ነው። ይኸውም የሚሸጠውን ዕቃ በግልጽ መጻፍን፣ ገጹ በስልክ ቶሎ እንዲከፈት ማድረግንና ሌሎች የታመኑ ድረ ገጾች የሚጠቅሱት መረጃ ማውጣትን ይጨምራል። ውጤቱ ወራት ሊወስድ ይችላል። ጉግል ራሱ ለአንደኛ ቦታ ማንም ዋስትና መስጠት እንደማይችል፣ ለማስታወቂያ መክፈልም በዚህ ዝርዝር ላይ ደረጃን እንደማያሻሽል በይፋ ይገልጻል።

በመሆኑም ዋስትና የተጻፈበት ውል ሲመጣ «በየትኛው ቃል ነው አንደኛ የምንወጣው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በድርጅቱ የራሱ ስም አንደኛ መውጣት ብዙም አያስቸግርም፤ በስሙ የሚፈልገው ግን ቀድሞ የሚያውቀው ደንበኛ ነው።

ገዢው የሚጽፈው ቃል

ኪወርድ ወይም ቁልፍ ቃል ማለት ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ነው። ሻጩ በደረሰኙ ላይ «የአርማታ ብረት» ይላል፤ ገዢው የሚፈልገው ግን «ፌሮ» ብሎ ነው። አንዱ «ምስማር»፣ ሌላው «ሚስማር» ብሎ ይጽፋል። «ቃሊቲ» በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምረዋል። የአቃቂ ነጋዴ ለዚህ ሥራ ባለሙያ ከመቅጠሩ በፊት ስልክ ደውለው ዋጋ የጠየቁት ደንበኞቹ የትኞቹን ቃላት እንደተጠቀሙ ለአንድ ሳምንት በማስታወሻ ቢይዝ ይጠቅመዋል።

የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለገዢው በማይመራበት አካባቢ ደግሞ መጋዘኑን በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ዋጋ አለው። ምዝገባው በነፃ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለአብነት ያህል አንድ የላሜራና የቱቦላሬ ነጋዴ ለማስታወቂያ 12,000 ብር አወጣ እንበል። ማስታወቂያው 20,000 ጊዜ ታየ፤ ይህ ኢምፕሬሽን ይባላል። 400 ሰው ተጫነው፤ ይህ ክሊክ ነው። ከእነዚህ 20ዎቹ ደወሉ፣ 2ቱ ገዙ። ለነጋዴው ኮንቨርዥን ማለት መጨረሻ ላይ የተገኘው ግዢ ነው።

አገናኙ በሪፖርቱ «20,000 ሰው አይቶዎታል» ሊል ይችላል፤ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢያየው ግን ሦስት ተብሎ ይቆጠራል። የነጋዴው ሒሳብ ሌላ ነው፦ ለአንድ ክሊክ 30 ብር፣ ለአንድ ጥሪ 600 ብር፣ ለአንድ ሽያጭ 6,000 ብር ወጥቷል። በአንድ ሽያጭ 10,000 ብር የሚያተርፍ ነጋዴ 4,000 ብር ይቀረዋል፤ 5,000 ብር የሚያተርፍ ግን 1,000 ብር ከስሯል።

የውጭ ምንዛሪም በሒሳቡ ውስጥ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ አገናኙ ማስታወቂያውን በዶላር የሚከፍል ከሆነ ባለፈው ዓመት የተሠራ የክሊክ ዋጋ ለዘንድሮው አያገለግልም። ስለዚህ ከክፍያው ለጉግል የሚሄደውና የአገናኙ ድርሻ በውሉ ላይ ተለይተው ቢቀመጡ ይመረጣል።

የድረ ገጹ ስምና የማስታወቂያው ሒሳብ በማን ስም እንደተከፈቱም ከመፈረም በፊት መታየት አለበት። በአገናኙ ስም ከተከፈቱ፣ ውሉ ሲቋረጥ ነጋዴው ደንበኞቹ የለመዱትን አድራሻ ሊያጣ ይችላል።