ነጭ ወይስ ቡኒ? የአከራዩ የቀለም ሒሳብ

የሚከራይ ቤት ለማስቀባት የተነሣ ባለንብረት ቀለም ቤት ሲደርስ ምርጫው ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ይጠባል፤ ነጭ ወይም ክሬም በአንድ በኩል፣ ጠቆር ያለ ቡኒ በሌላ በኩል። አብዛኛው ሰው ውሳኔውን ለዓይኑ ይተወዋል። ጉዳዩ ግን የኪስም ነው።

ለምሳሌ 4 በ5 ሜትር የሆነና 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው ሳሎን፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ፣ ወደ 45 ካሬ ሜትር የሚቀባ ግድግዳ ይኖረዋል። 1 ሊትር የውሃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 9 ሊትር ይበቃል።

ልዩነቱ የሚታየው ተከራይ ሲለወጥ ነው። ነጩን በነጭ ማደስ ከሁለት እጅ አያልፍም። ቡኒውን ወደ ነጭ ለመመለስ ግን የሥሩ ቀለም ስለሚያስቸግር ሦስት እጅ ሊጠይቅ ይችላል። ይህም 13.5 ሊትር፣ ማለትም የ50 በመቶ ጭማሪ ሲሆን፣ የቀቢው የሥራ ቀንም አብሮ ይረዝማል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ዝቅተኛውን የውል ዘመን 2 ዓመት ከማድረጉም በላይ የኪራይ ጭማሪን በተቆጣጣሪው አካል ውሳኔ ሥር አውሏል። ስለዚህ ለቀለም የወጣውን ብር እንደልብ ኪራይ ላይ ጭኖ ማካካስ አይቻልም።

ብርሃንም ዋጋ አለው። ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ ጥቁር ቡኒ የሚመልሰው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ደላላ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ይዞ ሲመጣ መስኮቱ ጠባብ የሆነ ቡኒ ክፍል አምፖል ይፈልጋል፤ ጠቦም ይታያል።

ነጭም ጉድለት አለው። የእጅ አሻራ፣ የልጆች እርሳስና የከሰል ጭስ ቶሎ ያሳያል። መፍትሔው ሁለቱን ማቀናጀት ነው። ከወለሉ እስከ ወገብ የሚታጠብ ቡኒ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ክሬም ሲቀባ ቆሻሻው አይጎላም፣ ብርሃኑም አይቀንስም።

የትኛውም ቢመረጥ በትንሹ ቆርቆሮ አንድ ካሬ ሜትር ቀብቶ፣ ከደረቀ በኋላ ጠዋትና ማታ በአምፖል ማየት ይበጃል። እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም አንድ አይደሉም። ከዚያም የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግዛት ይገባል፤ በሌላ ቀን የተበጠበጠ ቀለም ከፊተኛው ጋር ላይገጥም ይችላልና።