ጥገኛ ተርብ ማደሪያዋን እንዴት ትመርጣለች?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በመርካቶ እህል በረንዳ ስንዴ ወይም በቆሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ አንድ እፍኝ ዘግኖ ነቀዝ የበሳው ፍሬ እንዳለበት ይመረምራል። ነገር ግን እናት ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ከጣለችበት በኋላ ቀዳዳውን ስለምትደፍነው፣ ውስጥ ለውስጥ እየበላ የሚያድገው እጭ ከገዢው ዓይን ይሰወራል። ከአንዲት ትንሽ ተርብ ግን አይሰወርም።

ይህች ተርብ በሊቃውንት ዘንድ አኒሶፕቴሮማለስ ትባላለች። የተበላውን ፍሬና የነቀዙን ኩስ ጠረን ተከትላ ትመጣለች፤ ፍሬውን በአንቴናዎቿ እየነካካች ትፈትሻለች፤ ከዚያም በመውጊያዋ ፍሬውን በስታ እጩን ታደነዝዝና እንቁላሏን በአጠገቡ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ልጇ እጩን በልቶ ይጨርሰዋል። መዥገር ያደረበትን ከብት አብዛኛውን ጊዜ ሳይገድል ይኖራል፤ የዚህች ተርብ ልጅ ግን ማደሪያውን ሳያጠፋ አያድግም።

ታዲያ ማደሪያዋን የምትመርጠው በምን ሥርዓት ነው? የመርካቶን ሸማቾች እናስብ። ነጠላ የፈለገ ሰው በቀጥታ ወደ ሸማ ተራ ይሄዳል፤ የሚጠቅመውን ሁሉ የሚያስስ ግን ምናለሽ ተራን ሲዞር ይውላል። ጥገኛ ተርቦችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዶቹ ጥቂት ማደሪያ ብቻ ይሻሉ፤ ሌሎቹ በብዙ ዓይነት ነፍሳት ያድራሉ። አኒሶፕቴሮማለስ ከኋለኞቹ ወገን ናት፤ የስንዴው ነቀዝ ቢጠፋ በጥራጥሬ ውስጥ በሚያድጉ ጥንዚዛዎች እጭ ታድራለች፤ ከልምድ የተማረችውንም ጠረን ታስቀድማለች።

ሆኖም የእናቲቱ ምርጫ ብቻውን አይበቃም። ከእስያ የገባውን አገዳ ቆርቁር ለመከላከል ኮቴሲያ ፍላቪፐስ የተባለች ተርብ ከፓኪስታን መጥታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በኬንያ ተለቀቀች፤ በኋላም በኢትዮጵያ ተገኘች። ይህች ተርብ በእስያው ቆርቁር ላይ ልጆቿን በሚገባ ታሳድጋለች። አገር በቀሉንም የአፍሪካ ቆርቁር አግኝታ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ ነገር ግን የደሙ ሕዋሳት እንቁላሎቹን ከበው ያፍኗቸዋል። እንግዲህ ምርጫው ሁለት ዳኞች አሉት፤ አንደኛዋ እናቲቱ፣ ሁለተኛው የማደሪያው ሰውነት።

በሌላ በኩል ማደሪያ የማይመርጥ ጥገኛም አደጋ አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ዛፍ የሚያራቁት የእሳት ራት እንዲያጠፋ በአሜሪካ የተለቀቀው ኮምፕሲሉራ የተባለ ዝንብ ጉዳት የሌለባቸውን ያገሩን ታላላቅ የሐር እራቶች ጭምር አጥቅቷል።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ቀድሞ በዘመዶቹ ላይ ታድር የነበረች ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች የአፍሪካ ተርብ በላዩ ስታድር በበቆሎ ማሳችን ተገኝታለች። ስለዚህ ያለ ልክ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ጠላቱን ከወዳጁ ጋር ይገድላል። ከውጭ ተርብ ለማስገባት ፈቃድ የሚጽፍም ባለሥልጣን ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ በተባዩ ላይ መውጋት ብቻ ሳይሆን ማደግ ትችላለችን? ከተባዩስ ሌላ ማንን ትነካለች?