የዋጋው መስመር ሲወጣ ገበሬው ተጠቀመ ማለት ነውን?

በጮቄ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ነው። ድንችና ገብስ ጭኖ የሚመጣውን ገበሬ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዛሬ ልሽጥ ወይስ ልቆይ?

ለዚህ ጥያቄ የዋጋ ግራፍ ጥሩ ረዳት ነው። የዓመቱ የገብስ ዋጋ በቁጥር ሲደረደር የሚያደክም ዝርዝር ይሆናል። በመስመር ሲሳል ግን ምርት በሚሰበሰብበት ሰሞን ወርዶ፣ ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት መውጣቱ በአንድ እይታ ይታወቃል። ሆኖም ሥዕል የሚያስረዳውን ያህል ሊያሳስትም ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይገባል።

አንደኛው የግራፉ መነሻ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ኩንታል ድንች ከ1,000 ብር ወደ 1,100 ብር ወጣ እንበል። ጭማሪው 10 በመቶ ነው። ግራፉ ከዜሮ ሳይሆን ከ900 ብር ቢጀምር ግን ሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ዓይን ግን ተታለለ።

ሁለተኛው፣ ዋጋው ከምን ጋር ተነጻጸረ? የሚለው ነው። በዚያው ጊዜ የአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ ከ3,000 ወደ 3,600 ብር ቢያድግ፣ ቀድሞ በሦስት ኩንታል ድንች ይገዛ የነበረው ማዳበሪያ አሁን ከሦስት ኩንታል ከሩብ በላይ ይጠይቃል። የድንቹ መስመር ለብቻው ሲታይ ትርፍ ይመስላል፤ ከማዳበሪያው ጎን ሲቀመጥ ግን ኪሳራው ይገለጣል። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የንግድ አኃዞችን በመስመር ሥሎ በ1786 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር፣ በ1821 ደግሞ የስንዴን ዋጋ ከሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አቅርቧል። የዳቦ ውድነት የሚለካው በገዢው አቅም ነውና።

ሦስተኛው የካርታ ድንበር ነው። ምሥራቅ ጎጃም በአንድ ቀለም ሲቀባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄና የዓባይ በረሃ አንድ ዓይነት ኑሮ ያላቸው ይመስላል። የደጋው ድንች አምራችና የቆላው ማሽላ አምራች ግን ምርታቸውም ሆነ የችግር ወራታቸው ይለያያል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የኑሮ ሁኔታ አትላስ አካባቢዎችን በሕዝቡ አኗኗርና ከገበያ ጋር ባለው ግንኙነት የከፈለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገብስ ጎተራ ውስጥ ይጠብቃል፤ ድንች ግን ብዙ አይቆይም። ድንች ያመረተ ገበሬ አንድን ግራፍ በስህተት አንብቦ ቢያቆየው፣ ስህተቱን ለማረም ሌላ ምርት መጠበቅ ይኖርበታል። የዋጋ ሰሌዳ የሚያዘጋጅ የኅብረት ሥራ ማኅበርም ሆነ የግብርና ባለሙያ ከድንቹ መስመር ጎን የማዳበሪያውን መስመር ቢጨምር፣ የሚያስወጣው ወጪ አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነው።