ለይፋት መንገድ የሚስማማ የአውቶሞቢል ጎማ አመራረጥ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ አውቶሞቢል፣ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2800 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጠዋት የደጋ ብርድና ጉም፣ ቀትር ላይ የቆላ ሐሩር ያገኘዋል። እንግዲህ ጎማ አስመጪውና ባለ ሱቁ ለዚህ መንገድ የሚበጀውን ለይተው ሊያዝዙ ይገባል።

አንዳንድ ገዥ መሬት አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ሲፈልግ የእሽቅድምድም ጎማ ይጠይቃል። ይህ ጎማ ለስላሳ ስለ ሆነ ሲሞቅ በእርግጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን በብርድ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የዝናብ ውሃንም በሚገባ አያስወጣም፣ ቶሎም ያልቃል። በጣርማ በር ቁልቁለት ይህ ለተሳፋሪው የሕይወት፣ ለሻጩም የስም ጉዳይ ነው።

ለአሜሪካ ገበያ በሚሠራ የአውቶሞቢል ጎማ ጎን ሦስት ምልክቶች ይነበባሉ። አንደኛው የዕድሜ ቁጥር ነው፤ 400 የተጻፈበት በፈተናው 200 ከተጻፈበት እጥፍ ይቆያል። ሁለተኛው በእርጥብ መንገድ የመቆም፣ ሦስተኛው ሙቀትን የመቋቋም ደረጃ ነው። ለይፋት በሁለቱም ከኤ የማያንሰውን መምረጥ ይበጃል።

የተሠራበትም ጊዜ በአራት አኃዝ ይታወቃል፤ 2324 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር የ2024 ዓመት 23ኛ ሳምንት፣ ይኸውም በእኛ የ2016 ዓ.ም. የግንቦት መጨረሻ ገደማ ነው። በሐሩር መጋዘን የከረመ ጎማ ሳይነዳ ያረጃልና ይህን ሳያነቡ መረከብ ኪሣራ ነው።

በመጨረሻም ንፋሱ የጎደለ ጎማ በቆላ ከልክ በላይ ይግላል፤ ስለዚህ ገዥው ከጉዞ በፊት ጎማው ሳይሞቅ እንዲያስለካ መምከር የደግ ነጋዴ ተግባር ነው።